በሥር ጫፍ የቆሙ በረኞች



ገብስ ተዘርቶ ዝናም ካገኘ በኋላ ቡቃያው ከመሬት ብቅ ሲል ሁላችንም የምናደንቀው ቅጠሉን ነው። የሥሩን ነገር ግን «ከመሬት ይጠጣል» በሚል አንድ ቃል አልፈነው እንሄዳለን። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም እውነቱን በሙሉ አይገልጥም። የጠማው ሰው በዋንጫው ያለውን ከነጉድፉ ሊጨልጠው ይችላል፤ ሥር ግን እንዲህ አያደርግም። ሥር መራጭ ነው። በዐፈር ውስጥ ከሚያገኛቸው ልዩ ልዩ ነገሮች አንዱን ይቀበላል፥ ሌላውን ይመልሳል፤ ትናንት የተቀበለውንም ዛሬ በቃኝ ብሎ ይከለክላል። እንዲህም ሆኖ አንዳንድ ጊዜ መታለሉ አይቀርም፤ መታለሉም በማሳው ላይ ብቻ ሳይቀር እስከ ማእዳችን ድረስ ይመጣል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ስለ ሥር ምርጫና ስለ ሥር መታለል ነው። ነገሩ ረቂቅ ቢመስልም የእንጀራችን ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ትዕግሥት እንለምናለን።

አስቀድመን በየቤቱ የሚታወቅ አንድ ነገር እናንሣ። ጨው በውሃ ውስጥ ሲጨመር ይሟሟል፤ በዘይት ወይም በቀለጠ ቅቤ ውስጥ ሲጨመር ግን ዘቅጦ ይቀራል። ምክንያቱም በውሃ ውስጥ የሟሟ የጨው ቅንጣት የኤሌክትሪክ ኃይል ያዘለ ነው፤ ስብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቅንጣት አያስጠጋም። ተክል ከመሬት የሚሻቸው ማዕድናት፥ ማለት ፖታሲየም፥ ካልሲየም፥ ብረት፥ ዚንክ፥ ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉት ሁሉ፥ በዐፈሩ ውሃ ውስጥ የሚገኙት እንደ ሟሟው ጨው ሆነው ነው። የሥሩ ሕዋሶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በስስ የስብ ሽፋን የተከበቡ ናቸው። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ እጅ ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ለማዕድን ቅንጣት እንደ ግንብ የጸና ነው። ማዕድኑ ከውጭ፥ ሕይወቱ ከውስጥ፥ ግንቡ በመካከል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ታዲያ በምን ይገባል? በግንቡ ውስጥ በተተከሉ በሮች ይገባል። በሮቹም ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ፕሮቲን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሥጋን፥ እንቁላልንና ሽሮን ነው። ነገር ግን ፕሮቲን ምግብ ከመሆኑ በፊት ሠራተኛ ነው። በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ውስጥ የሚፈጨው፥ የሚያጓጉዘው፥ የሚገነባው እርሱ ነው። በሥሩ ሽፋን ላይ ያለው ፕሮቲን እንደ ረጅም ክር ተጣጥፎ ሽፋኑን ከውጭ እስከ ውስጥ ያቋርጣል፤ በመካከሉም ጠባብ መተላለፊያ ይተዋል። መተላለፊያው የተበጀው ለአንድ ዓይነት ቅንጣት ወይም እርሱን ለሚመስሉ ጥቂቶች ነው። ስለዚህ በር ብቻ ሳይሆን በረኛም ልንለው እንችላለን።

ከነዚህ በረኞች መካከል አንዱ ከሁሉ ይልቅ ይደክማል። የእርሱ ሥራ ማዕድን ማስገባት አይደለም፤ የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን ከሕዋሱ ወደ ውጭ እየገፋ ማውጣት ነው። ይህን የሚሠራው ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ሠርቶ ወደ ሥሩ በሚልከው ስኳር ኃይል ነው። ቅንጣቶቹ በወጡ ቁጥር በሽፋኑ ውስጥና ውጭ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል፤ ልዩነቱም ከአንድ ቮልት አንድ ዐሥረኛ የሚበልጥ ነው። ለእጅ ባትሪ እንኳ የማይበቃ ኃይል ቢሆንም ለሥሩ ይበቃዋል። እንደ ፖታሲየም ያሉት ቅንጣቶች በዚህ ኃይል እየተሳቡ ይገባሉ። ናይትሬትና ፎስፌት ግን ተፈጥሯቸው በተቃራኒው ስለ ሆነ፥ ወደ ውስጥ ከሚመለሰው ሃይድሮጅን ጋር ተያይዘው በልዩ በር ያልፋሉ፤ አቅም ያነሰው መንገደኛ ብርቱውን ጓደኛውን ይዞ አቀበት እንደሚወጣ ያህል ነው።

ስለዚህ ሥር መብላቱ በመተንፈሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዴኒስ ሆግላንድ የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1930ዎቹ (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ከቡቃያ የተቆረጡ የገብስ ሥሮችን በማዕድን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ሲመረምሩ፥ አየር የሚነፋበት ሥር ማዕድኑን ሲሰበስብ አየር የተከለከለው ሥር መሰብሰቡን እንደሚያቆም አረጋግጠዋል። የኛ የደጋ ገበሬ ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቀዋል። በመረሬ መሬት ላይ የተዘራ ስንዴ ወይም ገብስ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ሲቆርበት ይገረጣል። ማዕድኑ በዐፈሩ ውስጥ ሳለ ተክሉ ይራባል፤ ውሃው የዐፈሩን ቀዳዳ ስለ ሞላው ሥሩ የሚተነፍሰው አየር አጥቶ ያ ደካማ በረኛ ሥራውን አቁሟልና። በዚያውም ላይ አየር በሌለበት ዐፈር የሚኖሩ ረቂቃን ነፍሳት ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይሰዱታል። ማሳውን በቦይና በፈሰስ ማጠንፈፍ ለሥሩ እስትንፋስ መስጠት ነው እንጂ ውሃ ማባረር ብቻ አይደለም። ባልጠነፈፈ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ግን ለታፈነ ሰው ምግብ ማቅረብ ስለሚሆን፥ የብዙ ሰው ገንዘብ በዚህ መንገድ እንደሚባክን እናምናለን።

በሮቹ ገና በዐይን ሳይታዩ መኖራቸው የታወቀው እንዴት ነው የሚል ጠያቂ ይኖራል። መልሱ አሁንም ከገብስ ይገኛል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ኤማኑኤል ኤፕስቴይን የተባሉ ትውልዳቸው ጀርመን የሆነ የአሜሪካ ሊቅ ከባልደረባቸው ከሔገን ጋር ሆነው የገብስ ሥርን ሩቢዲየም በሚባል የፖታሲየም ታናሽ ወንድም ልንለው በምንችል ማዕድን ፈተኑት። ማዕድኑ ጨረር የሚሰጥ ስለ ነበር ወደ ሥሩ የገባውን መጠን በመሣሪያ መቁጠር ይቻል ነበር። ማዕድኑን ሲጨምሩ ሥሩ የሚወስደውም ጨመረ፤ ደግመው ሲጨምሩ ግን ጭማሪው እየቀነሰ ሄዶ ከአንድ ልክ አላለፈም። በወፍጮ ቤት ያለውን ነገር አስቡ። የእህል ባለቤት አንድ ወይም ሁለት ሲሆን የሚፈጨው በእህሉ መጠን ነው፤ ደጃፉ በሰው ከተሞላ በኋላ ግን መቶ ሰው ቢጨመር ወፍጮው በሰዓት ከሚፈጨው በላይ አይፈጭም። የሥሩም ነገር እንዲሁ ሆነ። ሽፋኑ ተራ ወንፊት ቢሆን ኖሮ ብዙ ሲቀርብለት ብዙ ባሳለፈ ነበር። ልክ መኖሩ ቁጥራቸው የተወሰነ ተሸካሚዎች መኖራቸውን አስታወቀ። በዚያው ላይ ፖታሲየም ሲጨመር የሚገባው ሩቢዲየም ቀነሰ፤ ሁለቱ በአንድ በር ይጋፉ ነበርና። የበሩ ማንነት በግልጥ እስኪታወቅ ድረስ ግን አርባ ዓመት አለፈ። በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ፖታሲየም መሳብ ያቃተው እርሾ ወስደው የተክል ዘረ መል ቢጨምሩበት እርሾው ድኖ መባዛት ጀመረ። የጨመሩት ዘረ መል የፖታሲየሙን በር የሚሠራው ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የብረት ታሪክ ነው፤ በርሱ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

ብረት በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ አራተኛ ነው። ቀይ ዐፈር መቅላቱ ከብረት ነው፤ በቀይ ዐፈር ላይ የቆመ ተክል በብረት መጋዘን ውስጥ ቆሟል ማለት ይቻላል። ነገር ግን አየር ባለበት ዐፈር ውስጥ ብረት ዝገት ነው፤ ዝገትም በውሃ አይሟሟም። ዐፈሩ ኖራማ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ይመስላል። ብረት ያጣ ተክል አዲሱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ይቀራሉ፤ ይህን ምልክት በጓሮ ቲማቲም ወይም በፍሬ ዛፍ ላይ ያየ ብዙ ነው።

ተክሎች ይህን ችግር የሚወጡት በሁለት መንገድ ነው። ባቄላ፥ አተር፥ ቲማቲምና እነርሱን የመሰሉት በሥራቸው ዙሪያ ያለውን ዐፈር ያኮመጥጣሉ፤ ከዚያ በሥሩ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ዝገቱን ወደሚሟሟ ብረት ይለውጠዋል፤ ሌላ በረኛም ተቀብሎ ያስገባዋል። ይህ ሁለተኛው በረኛ የታወቀው በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። እንዳትረሱት እንለምናለን፤ በኋላ በክስ እንጠራዋለንና።

ገብስ፥ ስንዴ፥ በቆሎና የሣር ወገን የሆኑት ሁሉ ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ታካጊ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ ብረት የተነፈጉ የአጃና የሩዝ ሥሮች የታጠቡበት ውሃ ብረትን የሚያሟሟ አንድ ነገር እንደሚገኝበት ገለጡ። ጥቂት ቆይቶ ይኸው ነገር ከገብስ ሥር ተለይቶ ወጣና ሙጊኔይክ አሲድ ተባለ፤ ሙጊ ማለት በጃፓንኛ ገብስና ስንዴ፥ ኔ ማለት ደግሞ ሥር ነው። ገብሱ ይህን አሲድ ወደ ዐፈር ይለቀዋል፤ አሲዱም የዝገቱን ብረት እንደ ጣት ከብቦ ይይዘዋል፤ ከዚያ በሥሩ ላይ ያለ ልዩ በረኛ አሲዱንና ብረቱን አንድ ላይ እንደ ተያያዙ ያስገባቸዋል። ሎሌ ገበያ ልኮ ሎሌውን ከነሸመታው ደጁን ከፍቶ እንደ መቀበል ነው። ገብስ አሲዱን የሚለቀው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳይሆን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች ነው። በዐፈር ውስጥ ያሉ ረቂቃን ነፍሳት አሲዱን ስለሚበሉት፥ ጥቂት በጥቂት ከመዝራት በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ ማፍሰሱ ሳይጠቅመው አይቀርም። ከእህሎች መካከል በዚህ አሲድ ብዛት ገብስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ሩዝ ግን ጥቂት ብቻ ይለቃል። ገብስ ኖራማ መሬት ላይ ከብዙ እህል ተሽሎ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የበረኛው ማንነት በበቆሎ ተገኘ። ቅጠሉ በቢጫ መስመር የሚዥጎረጎር አንድ የበቆሎ ዝርያ በሊቃውንት ዘንድ ከ1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የበሽታው ምክንያት የተገለጠው ግን በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ያ በቆሎ አሲዱን ይልካል፤ አሲዱም ብረቱን ይዞ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን በሩ የተበላሸ ስለ ሆነ የሚያስገባው የለም። ከዚህ ጋር አንድ ነገር እናክል። በቻይና ኖራማ መሬት ላይ ለብቻው የተዘራ ለውዝ ሲገረጣ፥ ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ የተዘራው ግን አረንጓዴ ሆኖ ተገኝቷል፤ በቆሎው ያሟሟው ብረት ለጎረቤቱም ይተርፋልና። አባቶቻችን እህልን ከእህል ጋር ቀላቅለው መዝራታቸውን ኋላ ቀርነት ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ነገር ቢያስብበት ደግ ነው።

እስካሁን ስለሚያስገቡ በሮች ተናገርን። የሚያስወጣም በር አለ፤ እርሱም ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው። በጎጃም፥ በወለጋ፥ በጅማና በሌላውም ዝናም በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ የዘመናት ዝናም ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለ ወሰደው ዐፈሩ ኮምጣጣ ሆኗል። ኮምጣጣ ዐፈር በራሱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ኮምጣጣነቱ ሲበረታ በዐፈሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟል። የሟሟ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይመታዋል፤ ሥሩ ያጥራል፥ ይወፍራል፥ ቅርንጫፍ ማውጣቱን ያቆማል። የሥር ጫፍ ከተመታ ደግሞ በረኛ ቢበዛ ምን ይሠራል? ፎስፎረሱም በአሉሚኒየምና በብረት ተጠፍሮ ስለሚያዝ ገበሬው የጨመረው ማዳበሪያ ዐይኑ እያየ ይታሰርበታል። ገብስ ከእህሎች ሁሉ ይልቅ ይህን የማይችል ነው። በአገው ምድር ብዙ ገበሬ ገብስ አልሰጥ ያለውን መሬት ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ሸፍኖ ከሰል ወደ ማክሰል የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በስንዴ ዘንድ ግን አንዳንድ ዝርያ ይህን እንደሚቋቋም ቀድሞ ታውቆ ነበር። እንዴት እንደሚቋቋም በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጃፓንና በአውስትራልያ ያሉ ሊቃውንት ገለጡት። በሥሩ ጫፍ ላይ ያለ አንድ በር አሉሚኒየም ሲነካው ይከፈታል፤ ከውስጥም ማሊክ አሲድ፥ ማለት ፖምን የሚያኮመጥጠው አሲድ፥ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ አሲዱም አሉሚኒየሙን ከሥሩ ፊት ጨብጦ ያስቀረዋል። የዚህን በር ዘረ መል ወደ ገብስ ቢያዛውሩት ገብሱም ቻለ። ገብስ የራሱ በር የለውም ማለት ግን አይደለም፤ አንዳንድ የገብስ ዝርያ ሲትሪክ አሲድ፥ ማለት የሎሚውን አሲድ፥ የሚያስወጣ በር አለው። የኢትዮጵያ ገብስ በዓይነቱ ብዛት በዓለም የታወቀ ነውና በየጓዳው ያለውን የአካባቢ ዘር ሳይመረምሩ መጣል ቁልፍን ከነመዝጊያው እንደ መጣል ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ መድኃኒቱ የተፈጨ የግብርና ኖራ ነው። ኖራ ዐፈሩን ሲያለዝበው አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይተኛል፥ ፎስፎረሱም ይፈታል። ነገር ግን ልክ አለው፤ ኖራ ከመጠን ሲያልፍ ዚንክና ብረት ይታሰራሉና፥ ዐፈሩን አስመርምሮ በመጠኑ መጨመር ያስፈልጋል። በጓሮ ያለ አመድም የኖራን ሥራ በጥቂቱ ይሠራል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ድኙ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፖታሲየሙ፥ ካልሲየሙና ፎስፎረሱ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ከቤት አጠገብ የተተከለ ዱባና ጎመን ከእርሻው አዝመራ የሚያምርበት ምክንያት ከምድጃው ነው። ድንች ግን አመድ ሲበዛበት ቆዳው እንደ እከክ በሚያሻክር በሽታ ይያዛልና ለርሱ ቁጠባ ይሻላል።

አሁን ወደ መታለሉ ነገር እንምጣ። በረኛ የሚለየው በመልክ ነው። ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ለተክል እጅግም አያስፈልገውም፤ ለሰው ግን ጥቂት ካልተገኘ ጤና የለም። ይህ ማዕድን ድኝን ስለሚመስል ሥሩ በድኙ በር ያስገባዋል። ይህ ለኛ መልካም ስሕተት ነው። ነገር ግን ሥሩ በዐፈሩ ውስጥ የሌለውን ሊያስገባ አይችልም። የፊንላንድ መንግሥት የአገሩ ዐፈር ሴሌኒየም እንደሚያንሰው ባወቀ ጊዜ በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከማዳበሪያ ጋር እንዲጨመር ወሰነ፤ እህሉም የሕዝቡም ደም ያንን ማዕድን አገኘ። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ማላዊ እህል በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ከሦስት ሺህ በላይ ናሙና የተመረመረበት ጥናት ደግሞ የእህል ሴሌኒየም፥ ዚንክና ብረት ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ ዓይነት ምግብ በአንድ ዓይነት ምጣድ የሚበሉ ሁለት ቤተ ሰቦች፥ እህላቸው የበቀለበት ዐፈር ስለ ተለያየ ብቻ አንዱ ሲጠግብ ሌላው በማይታይ ረኃብ ሊራብ ይችላል ማለት ነው። የእህሉን ማጣት የጎተራው መሙላት አይገልጠውም።

ሌላው መታለል ግን ክፉ ነው። ካድሚየም የሚባል መርዛም ብረት አለ። በጃፓን በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች፥ ይልቁንም እናቶች፥ አጥንታቸው እየሳሳና እየተሰበረ በከባድ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። በሽታውም ከጩኸታቸው የተነሣ «ኢታይ ኢታይ»፥ ማለት «አመመኝ አመመኝ» ተባለ። ከላይ ካለው የማዕድን ማውጫ ወደ ወንዙ የፈሰሰው ካድሚየም ምክንያት መሆኑን መንግሥት በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አመነ። ወንዙ ማሳውን አጠጣ፤ ሩዙ ካድሚየሙን ጠጣ፤ ሰው ሩዙን በላ። ሩዙ የተታለለው ማንጋኒዝ የተባለውን ጠቃሚ ማዕድን በሚያስገባው በረኛ በኩል መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሊቃውንት ይህ በር የተዘጋበት፥ ካድሚየም የማይገኝበት ያህል የሆነ ሩዝ አወጡ። ቀደም ብለን በክስ እንጠራዋለን ያልነው የባቄላና የቲማቲም ወገን የብረት በረኛም ከብረት ጋር ዚንክን፥ ማንጋኒዝንና ካድሚየምን ያሳልፋል። ተክሉ ብረት ሲያጣ እነዚህን በሮች ያበዛል፤ የተራበ በረኛ ጠባቂነቱን ይረሳልና ካድሚየሙም ያን ጊዜ አብሮ ይበዛል።

ይህን የምንጽፈው ስለ ጃፓን ለማዘን ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ መበከሉ የታወቀ ነው፤ በርሱ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ምርመራዎችም ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። አትክልትን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ተሐዋስያንንና አቧራን ያስወግዳል፤ መታጠብም አለበት። በሥር በኩል የገባውን ግን ውሃም ሆምጣጤም አያወጣውም፤ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነውና። ደግሞ ካድሚየም ከፍሬ ይልቅ በቅጠል ይከማቻል፤ ሰላጣና ቆስጣ ከቲማቲም የበለጠ ይይዛሉ። ስለዚህ እመቤቶች ቅጠላ ቅጠል ሲገዙ ከማማሩ አስቀድመው የበቀለበትን ውሃ ቢጠይቁ መልካም ነው። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

የእህሉ ማዕድን በእህሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ወደ ደም መግባት አለበት። እዚህም በር አለ። በአንጀታችን ብረትን የሚቀበለው በረኛ በሩዝ ሥር ካድሚየም ያታለለው በረኛ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የፕሮቲን ቤተ ሰብ ናቸው። እንደ ዘመዱም ብረት ያነሰው ሰው አንጀት ካድሚየምን አብዝቶ ይቀበላል።

በጾም ወራት ብረታችንና ዚንካችን የሚመጣው ከእህልና ከጥራጥሬ ነው። በነዚህ ውስጥ ፊቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ እርሱም ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ስለሚይዝ በረኛው ሊቀበላቸው አይችልም። ይህን የሚፈታው መብቀልና መቡካት ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፊቲክ አሲዱ ይቀንሳል፤ እህልን ብቅል ማድረግም እንዲሁ። ሊጡን ሳያቦኩ በችኮላ መጋገር እንግዲህ ጣዕሙን ብቻ አይደለም የሚያጎድለው። የጤፍ ብረት ብዙ ነው የሚባለውም ከፊሉ በአውድማ ላይ ከተቀላቀለ ዐፈር የመጣ ነው፤ ያ ደግሞ የዝገት ብረት ስለ ሆነ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም። ስለዚህ እህሉን በሚገባ አንጥሮና አጥቦ ማስፈጨት እውነተኛውን ብረት አያስቀርም።

ሎሚ፥ ቃሪያና ብርቱካን ከምግቡ ጋር ሲበሉ ብረቱን ያሟሙታል፤ ገብስ በሥሩ ከሚሠራው ሥራ ብዙ አይርቅም። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ያስሩታል። የቡናውን ሥርዓት እንነካለን ብለን አይደለም፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም በቦታው ይሁን። ማእዱ ከተነሣ በኋላ ዘግየት ብሎ ቢፈላ ግን፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ባለችበት ቤት፥ ከሽሮውና ከምስሩ የተገኘው ብረት ደም ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።